ሦስት እፍኝ ዘቢብ

ወልደአረጋይ መኪና አይስማማውም። ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ አጠገቡ ተቀምጦ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው። ሚኒባሱ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሲይዝ ፊቱ ይገረጣል፤ ሁለተኛው ላይ ፌስታል ይለምናል፤ ሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ብርድ ሳይል መስኮት ይከፍታል። ስለዚህ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ የትም የሄደው በእግሩ ነው። «አንተን ፈረስም ያዞርህ ነበር» እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። እሱ አይከፋም። እግሩን ይወዳል፤ እግሩም አሳፍሮት አያውቅም።

ሥራውም የእግር ሥራ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ ባለችው በዋሻ ደጅ ማርያም ዕቃ ቤቱን ይጠብቃል፣ ደወል ይደውላል፣ የጎደለውን ሁሉ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ገዝቶ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ጧፍና ዘቢብ ተሸክሞ ሲመላለስ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ይህን የሚያወራውም ራሱ ነው፤ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ።

ዘንድሮ ግን ጉድ ሠራ። ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን፣ አዲስ የመጣውን ጧፍ ላስተካክል ብሎ የዘቢቡን እንስራ ከመደርደሪያ አውርዶ ጥግ ላይ አኖረው፤ በዚያው ረሳው። ያ ጥግ ጣራው የሚያፈስበት ጥግ መሆኑን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባልዲ የሚደቅንበት እሱ ራሱ ነውና። ሲያስታውሰው ዘቢቡ ሻግቶ አረንጓዴ ፂም አብቅሏል። በፍልሰታ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ይቀደሳል፤ የቅዳሴው ወይን የሚጨመቀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢብ ከሌለ ቅዳሴ የለም። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ እንስራውን አዩና «ሰው አይደለህ፤ ይረሳል» ብቻ ብለው ወጡ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከሁሉም ያስጨነቀው የእማሆይ ነገር ነው። እማሆይ ማኅደረማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ወልደአረጋይ በሰባት ዓመቱ እናቱ ስትሞት፣ ዘመዱ ሳይሆኑ፣ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከሰኔ ወዲህ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ከአልጋ አይወርዱም። የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ የፍልሰታ የመጀመሪያ ቀን ቆርበው መሞት። «ሁለተኛዋን ቀን አላውቃትም፤ የመጀመሪያዋን አታሳጡኝ» ብለዋል። ይህን ሲሉ ወልደአረጋይ ራስጌያቸው ቆሞ ነበር። የሻገተውን ዘቢብ አልነገራቸውም። ማክሰኞ ማለዳ ዱላውን አንስቶ ዳገቱን ወጣ።

ደብረ ብርሃን ሲደርስ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ዓብዱራህማን ሱቅ ሄደ። ከየአጥቢያው የመጣው ሰው ዘቢቡን ጠራርጎ ወስዶታል። ዓብዱራህማን ከባንኮኒው ሥር አንድ ትንሽ ከረጢት አወጣ።

«ሦስት እፍኝ ብትሆን ነው፤ አንተን አውቅህ የለ፣ ደብቄልህ ነው» አለው። «እሑድ አዲስ ይገባል። እስከዚያ ታደርሳችኋለች።»

ወልደአረጋይ ከረጢቱን ሳመው። ሰው ዘቢብ ሲስም አይተን አናውቅም፤ እሱ ግን ሳመው። የአክስቱ ልጅ ቤት አደረና ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ገባ። ዘቢብ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካላደረ ስለማይጨመቅ፣ ለሐሙስ፣ ለፍልሰታ መግቢያ ቅዳሴ የግድ ረቡዕ ማታ ዋሻ ደጅ መገኘት ነበረበት። ለሌላ ሰው አርባ ምናምን ኪሎ ሜትርና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁልቁለት የሁለት ቀን መንገድ ነው። ለእሱ የአንድ ቀን ነው።

እስከ ረፋዱ መልካም ሄደ። የባቄላው ማሳ አብቧል፣ ገብሱ እስከ ጉልበት ደርሷል፣ ጭጋጉ ከፊቱ እየሸሸለት ነበር። መንገድ አጋማሽ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመለትና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«አባቴ ይግቡ፤ የምሥራቁ ሰማይ አላማረኝም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔና መኪና አንስማማም።»

«በነፃ ነው ኮ!»

«የማይስማማኝ መኪናው ነው እንጂ ሒሳቡማ መች ቸገረኝ።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ከወንበሩ ሥር ሰፊ ላስቲክ ስቦ «እንግዲያው ይቺን ይልበሱ» ብሎ ወረወረለት። ወልደአረጋይ መርቆት መንገዱን ቀጠለ። በልቡም «ዝናብ አይቼ የማላውቅ መሰለው» ብሎ ትንሽ ተኮፈሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ የጎረቤላን ከተማ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣና ላስቲኩን ከትከሻው ገፎ ወደ ገደሉ ይዞት ሄደ። ቀጥሎ በረዶ ወረደ፤ ባቄላ የሚያህል፣ ራስ ቅል የሚነድል በረዶ። ወልደአረጋይ ከረጢቱን ከሸሚዙ ሥር ከትቶ ጋቢውን ደረበበት። እህል ከአፉ ከገባ ቀን ሞልቶታል፤ ረቡዕ ነውና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይቀምስም። እግሩ ግን ይሄዳል። እግሩ ሁልጊዜ ይሄዳል።

ወንዟ ጋ ሲደርስ በዘልማድ በሦስት ድንጋይ የሚሻገራት ወንዝ ድንጋዮቿን ውጣለች። መጠበቅ ነበረበት፤ የቆላ ሰው «ወንዝ ሲቆጣ ቁጭ ብለህ እደር» ይላል። እሱ ግን እማሆይን አሰበና ገባ። ውሃው ወገቡን ሲይዘው ዱላው ተሰበረ። ጎርፉ ገለበጠው፣ ደግሞ አነሳው፣ አሥር እርምጃ ያህል ወስዶ ከማዶ ካለ የወይራ ሥር ላይ ጣለው። ሥሩን ይዞ ወጣ። ከረጢቱ ደረቱ ላይ ነው፤ ውሃ ጠጥታለች፣ ግን አለች። «ተመስገን» አለና ለመነሳት ሞከረ። እግሩ እምቢ አለ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ እምቢ አለው። ይህን ማመን አቅቶት እንደ ሌላ ሰው እግር ጭኑን በጡጫ መታው። ከዚያ ወይራ ሥር ተቀመጠ። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ተወውና እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ያነቃው የሰው ድምፅ ነው። «አንተ ሰው! አንተ ወንድሜ! አትተኛ!» የሚል። አንድ ረጅም፣ ፂሙ የሸበተ ሰው አጎንብሶበታል፤ ከኋላው የተጫነች አህያ ቆማለች። ሰውዬው ዘይኑልአቢዲን ይባላል፤ ከወንዙ በታች ያለው ማሾ አራሽ ነው፣ ምርቱን ገበያ ሸጦ የተረፈውን ይዞ ሲመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ አግኝቶታል። የተንጋለለውን ሰው አየ፣ አህያዪቱን አየ፣ እንደገና ሰውየውን አየ። ከዚያ ማሾውን ጭቃው ላይ አራገፈና ወልደአረጋይን በቦታው ጫነው።

«ማሾህ…» አለ ወልደአረጋይ፤ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት።

«ማሾ ብርድ አይመታውም» አለ ዘይኑልአቢዲን። «ያዝ ብቻ፤ ጋማዋን ያዝ።»

ቤት ሲደርሱ እርጥብ ልብሱን አውልቆለት የራሱን ሸሚዝና ሽርጥ አለበሰው፣ እሳት ዳር በቁርበት ላይ አጋደመው፣ ሁለት ብርድ ልብስ ጫነበት። «አፊፋ፣ አደራሽን» ብሎ ሚስቱን ጠራና ማሾውን ሊያነሳ ተመልሶ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ወልደአረጋይ በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚያስታውሰው። የሴት እጅ ራሱን ቀና ያደርገዋል፤ ኩባያ ከንፈሩን ይነካዋል፤ ሙቅና ጣፋጭ ነገር በጉሮሮው ይወርዳል። ጠጣ። እንደገና ጠጣ። ሦስተኛውን ኩባያ ራሱ ይዞ ጠጣ። ደረቱ ሞቀ፣ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፣ እግሩም ተመለሰለት። ዓይኑን ገለጠ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሻሽ የጠመጠመች ሴት በጭንቀት ታየዋለች፤ ከጎኗ ልጅ እግር ኮረዳ እንጨት ታቀብላለች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች አፊፋ። «ጁወይሪያ፣ ነቃ! ነቁ!»

«ነፍሴን መለስሽልኝ፣ እህቴ» አለ ወልደአረጋይ። እያለም ዓይኑ በቤቱ ዞረ፤ ግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል፣ ጥግ ላይ የመስገጃ ምንጣፍ አየ። የእስላም ቤት ነው። እሱ ደግሞ ያደገው በመነኩሲት እጅ ነው፤ ከሱቃቸው ከመግዛት በቀር በእስላም ቤት ውሃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። «ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

አፊፋ የጠበቀችው ይህንን ጥያቄ ነበር፤ ፊቷ በኩራት በራ። «አይስጉ፣ ጋሼ! ማተብዎን አይቻለሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆንዎን አውቄያለሁ። ቀኑም ረቡዕ ነው። ወላሂ ከቤቴ እህል አንዲት ፍሬ አላስነካሁዎትም። የራስዎን ስንቅ ነው ያፈላሁልዎ። ድስቱም አዲስ ነው፣ እኛ ያልበላንበት፤ ለጁወይሪያ ኒካሕ የገዛሁት። ዘቢብዎ ረጥቦ ሊበላሽ ነበር፤ አንዲት አላስቀረሁም፣ ሁሉንም ነው የቀቀልኩልዎ።»

ወልደአረጋይ ከረጢቱን ፈለገ። ከእሳቱ በላይ ገመድ ላይ ተገልብጣ፣ ባዶዋን ተሰቅላለች።

አልጮኸም። እንዴት ይጩህባት? ሴትዮዋ ሃይማኖቱን ላታረክስበት ተጠንቅቃ፣ የልጇን ሰርግ ድስት አንስታ፣ ነፍሱን አትርፋለች። ይልቅ ፊቱን በብርድ ልብሱ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። አፊፋ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ? ጋሼ፣ ምን በደልኩ?» ትላለች። ሲረጋጋ ሁሉንም ነገራት፤ እንስራውን፣ ጣራውን፣ እማሆይን፣ ነገን።

ዘይኑልአቢዲን ማሾውን አስገብቶ ጢሙን እየጨመቀ ሲገባ ሦስቱም አቀርቅረው አገኛቸው። የሆነውን ሰማ። ወደ ድስቱ ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። «ይሄ ፍሬው አለ ኮ፤ አይጨመቅም?»

«እሳት የነካው ለመሥዋዕት አይሆንም» አለ ወልደአረጋይ።

አፊፋ «ያ ረቢ! በጄ!» ብላ እጆቿን አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ውጭ ዝናቡ እየቀለለ ነው። ከዚያ ድንገት ብድግ አለች። ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ የወተት ጣሳ ይዛ ወጣች፣ ከፈተችውም። እስከ አፉ ዘቢብ ነው፤ ደረቅ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ዘቢብ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚደረገው ለጁወይሪያ ኒካሕ፣ ለሩዙ የተቀመጠ ነው። አፊፋ ጣሳውን እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች፤ መጠየቅም መስጠትም አቃታት።

ጁወይሪያ ቀድማ ተናገረች። «እማ፣ ሩዙ ዘቢብ የለውም ተብሎ ኒካሕ አይፈርስም። ስጫቸው።»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ወልደአረጋይን የጣለው የተደገሰበት ደጅ ላይ ነበር። አፊፋ ከረጢቷን በእሳቱ አድርቃ በእፍኟ ሰፈረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ ቆም አለችና «እጄ ከባለሱቁ እጅ ያንሳል» ብላ ጣሳውን ገለበጠችው።

ልብሱ ገና አልደረቀም፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በዘይኑልአቢዲን ሽርጥ ወጣ። ዘይኑልአቢዲን የዐስር ሶላቱን ሰግዶ በአህያዪቱ አስቀምጦ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘው። እዚያ ሲደርሱ «በእኔ ምክንያት ማሾህን ዝናብ አበላሸብህ» አለ ወልደአረጋይ አፍሮ። «ማሾ ቢረጥብ ይበቅላል» አለ ሰውዬው፤ «ሰው ግን ይበሰብሳል። በል ግባ።» አህያዪቱን አዙሮ ሄደ።

መንገዱን ሁሉ ሲያብሰለስለው የመጣው ነገር በሩ ላይ አቆመው። ከእስላም ጓዳ የወጣ ዘቢብ መቅደስ ይገባል? ባይናገር ማን ያውቃል? ከረጢቷ ያቺው የዓብዱራህማን ከረጢት ናት። መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ በሽርጥ የቆመውን ሰው መጀመሪያ አላወቁትም፤ ሲያውቁት አማተቡ። ወልደአረጋይ ዋሽቶ ማደር ስለማይችል አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

መምሬ ከረጢቷን ፈትተው ዘቢቡን በጣታቸው ገለበጡት፤ አሸተቱት። «ይሄኛውን እሳት ነክቶታል?»

«አልነካውም፣ አባቴ።»

«ሻግቷል?»

«ኧረ አልሻገተም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ሌባ የምትንቀጠቀጠው?»

«ከእስላም ቤት ነዋ፣ አባቴ።»

መምሬ ቀና ብለው አዩት። «ሃያ ሁለት ዓመት ዘቢባችንን ከማን ነው ስትገዛ የኖርከው?»

«ከዓብ…» አለ ወልደአረጋይ።

መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ በቁም ነገር የሚታወቁ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አጥሩን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዲያቆኑን ጠሩና ዘቢቡን ሰጡት።  ወልደአረጋይ ያኔ እደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

እማሆይ ሲገባባቸው ነቅተው ነበር። ሽርጡን አዩ። «ምን ለበስክ?»

ነገራቸው፤ በመጨረሻም የሻገተውን እንስራ ሳይቀር ተናዘዘላቸው። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ ተኝተው እንዳይሆን ብሎ ሲሰጋ «የሴትዮዋ ክርስትና ስም ማነው? በጸሎት ላስባት» አሉ።

«እማሆይ፣ እስላም ናት እኮ። የክርስትና ስም የላትም።»

«እናቷ ማን ብላ ትጠራታለች?»

«አፊፋ።»

«አፊፋ» አሉ እማሆይ፤ ስሙን እንደ አዲስ ምግብ በአፋቸው እየቀመሱ። «እናቷ የምትጠራትን ስም እግዜር ሳያውቀው ይቀራል? አፊፋ ብዬ አስባታለሁ።»

ሐሙስ ቀትር ላይ አራት ሰው በአልጋ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባቸው፤ ከአራቱ አንዱ ወልደአረጋይ ነው። ቆረቡ። ሲመለሱ ፊታቸው የታጠበ ልጅ ፊት መስሎ ነበር። ሁሉም የመጨረሻቸው ነው ብሎ ተሰናበታቸው፤ መምሬም አለቀሱ። እማሆይ ግን አልሞቱም። ዓርብ ሾርባ ጠየቁ፤ በሳምንቱ የእግራቸው እብጠት ጎደለ፤ ፍልሰታ ሲፈታ በዱላ ደጅ ወጥተው ወልደአረጋይን «ጣራውን ደፈንከው?» ብለው ተቆጡት። ሰው ሲቆጣው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

የኒካሑ ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ወልደአረጋይ እንደ ልማዱ በእግሩ ደብረ ብርሃን ወጣ። ዓብዱራህማን ጋ ገብቶ «ከሁሉ የተሻለውን ዘቢብ አምጣ» አለ። ጆንያ አስፈትቶ በየፍሬው መረጠ፤ ባለሱቁ «ለቅዳሴ እንዲህ መርጠህ አታውቅም» እስኪለው። በማግሥቱ ሊመለስ ከከተማው ሲወጣ ግን ሰማዩ ጠቆረ። ቆመና ከረጢቱን አየ፤ ሃምሳ አራት ዓመት አምኖት የኖረውን እግሩንም አየ። ያው ሚኒባስ አጠገቡ ቆመ። ሾፌሩ ላስቲክ ሊያቀብል ከወንበሩ ሥር ሲያጎነብስ ወልደአረጋይ በሩን ከፍቶ ገባ።

የዚያን ቀን ተሳፋሪዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ፌስታል አልበቃውም። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ዝናብ ሲገባ ከረጢቱን በጋቢው ጠቅልሎ በላዩ ላይ ተጎንብሶበት ሄደ።

አፊፋ ወደ ደጅ ስትወጣ ያገኘችው ነጭ የሆነ፣ በሁለት እግሩ መቆም ያቃተው ሰው ነው። ከረጢቱን በሁለት እጁ ሰጣት። ከፍታ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችና ከታች ያለውን ፍሬ አወጣች፤ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ዘቢቡን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሳቋም መጣ።

«ይግቡ፣ ጋሼ፤ ይቀመጡ። ዛሬስ ምን ላፍላልዎ?»

ወልደአረጋይ ያችው ቁርበት ላይ፣ ያው እሳት ዳር ተቀመጠ።

«ከቤትሽ ያለውን» አላት።